ፊዚክስን በእጅ ሥራ ለልጆች ማስተማር

ፊዚክስን በእጅ ሥራ ማስተማር ማለት ልጆች ከክር፣ ከጠጠር፣ ከጠርሙስና ከክብሪት እንጨት ቀላል መሣሪያ ሠርተው የተፈጥሮን ሕግ ራሳቸው እንዲፈትሹ ማድረግ ነው። ዘዴው በዓለም ዙሪያ እንዲስፋፋ ካደረጉት ሥራዎች አንዱ ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ1956 ያሳተመው የሳይንስ ማስተማሪያ መጽሐፍ ነው፤ መነሻው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ለወደሙ አገሮች መምህራን እ.ኤ.አ. በ1948 የተዘጋጀ አነስተኛ መጽሐፍ ነበር። በዚህ አመጣጡ ምክንያት ይመስላል፣ ብዙዎች ዘዴውን ደህና ቤተ ሙከራ እስኪገኝ ድረስ የችግር ጊዜ ማለፊያ አድርገው ያዩታል። ይህ ግምት ዋናውን ጥቅም ይስታል። ልጅ ራሱ የሠራውን መሣሪያ አፍርሶ፣ አንዱን ክፍል ብቻ ለውጦ እንደገና ሊሞክረው ይችላል፤ ታሽጎ ከፋብሪካ የመጣውን ግን እንዳይበላሽ ይፈራዋል። አንዱን ነገር ለይቶ እየለወጡ የሚሆነውን ማየት ደግሞ የፊዚክስ ምርምር መሠረት ነው።

ፔንዱለምን እንውሰድ። ጠጠር በክር ታስሮ ከፍ ካለ ቦታ ይንጠለጠላል። ከመለቀቁ በፊት ልጁ መጠየቅ አለበት፦ ጠጠሩ ቢከብድ ቶሎ ቶሎ ይወዛወዛል? ይከብዳልና ይፈጥናል ብሎ መገመት ያለ ነው። ሲሞከር ግን ክብደቱ ለውጥ አያመጣም፤ የሚለውጠው የክሩ ርዝመት ነው። ከማንጠልጠያው እስከ ጠጠሩ መካከል 25 ሳንቲሜትር ሲሆን አንድ ደርሶ መልስ 1 ሰከንድ ያህል፣ 1 ሜትር ሲሆን 2 ሰከንድ ያህል ይፈጃል። ርዝመቱ አራት እጥፍ ሲሆን ጊዜው የጨመረው በእጥፍ ብቻ ነው፤ ልጁ ስኩዌር ሩት የሚባለውን ነገር ስሙን ሳይሰማ አሠራሩን አየ። ግምቱን አስቀድሞ ባይናገር ኖሮ ይህ ሁሉ ጠጠር ማወዛወዝ ብቻ ሆኖ ይቀር ነበር።

እንዲህ ያለ መሣሪያ ትክክለኛ ልኬት አይሰጥም የሚል ተቃውሞ ይነሳል። አንድ ውዝዋዜ በእጅ ሲለካ 0.2 ሰከንድ ያህል መሳሳት ይቻላል፤ 20 ውዝዋዜ ለክቶ ለ20 ማካፈል ግን ስሕተቱን ወደ 0.01 ሰከንድ ያወርደዋል። ከዚህ ተነስቶ 9.8 ሜትር በሰከንድ ካሬ ገደማ የሆነውን የመሬት ስበት ፍጥንጥነት ማስላት ይቻላል። ልጁ ስሕተትን መቆጣጠር የሚማረው ስሕተቱን ማየት ሲችል ነው።

ከበድ ያለው ተቃውሞ ሌላ ነው። የትምህርት ተመራማሪዎቹ ኪርሽነር፣ ስዌለርና ክላርክ እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጡት ጽሑፍ ጀማሪ ያለ መሪ ሲተው አእምሮው በብዙ ነገር ተጨናንቆ እንደሚቀር ተከራክረዋል። በዚህ ረገድ ልክ ናቸው፤ ዕቃ አከፋፍሎ መሄድ ማስተማር አይደለም። ሪቻርድ ሄክ እ.ኤ.አ. በ1998 ስለ 6,542 የሁለተኛ ደረጃና የኮሌጅ ተማሪዎች ያሳተመው ጥናትም ከዚህ ጋር አይጋጭም። በአብዛኛው ገለጻ በተሰጠባቸው ክፍሎች ተማሪዎች በፊዚክስ ፈተና ሊያሻሽሉት ከሚችሉት በአማካይ 23 በመቶውን ሲያሻሽሉ፣ እየሠሩና እየተወያዩ ወዲያው እርማት ባገኙባቸው ክፍሎች 48 በመቶ ደርሷል። ጥናቱ ሕፃናትን አይመለከትም፤ ሆኖም እጅ ብቻውን እንደማያስተምር፣ ጥያቄና እርማት ግን ውጤቱን እንደሚያጎሉት ያመለክታል።

ስለዚህ ዕቃው ቢረክስም ዘዴው ርካሽ አይደለም፤ ወጪው ወደ መምህሩ ዝግጅት ይዞራል። በሕንድ ማድያ ፕራዴሽ፣ ሆሻንጋባድ እ.ኤ.አ. በ1972 በ16 ትምህርት ቤቶች የተጀመረው የሳይንስ ትምህርት ፕሮግራም ይህንን ተረድቶ ነበር። መሐንዲሱ አርቪንድ ጉፕታ እዚያ በክብሪት እንጨትና በብስክሌት ቫልቭ ቀጭን ጎማ ቅርጾች ሠራ፤ አራት ማዕዘኑ ሲገፋ ይጣመማል፣ ሦስት ማዕዘኑ ግን አይነቃነቅም። ፕሮግራሙ እ.ኤ.አ. በ2002 እስኪቋረጥ ድረስ መምህራንን በየጊዜው ያሠለጥን፣ ተማሪዎቹንም መጽሐፋቸውን ገልጠው እንዲፈተኑ ያደርግ ነበር፤ ሽምደዳን የሚሸልም ፈተና ባለበት ክፍል ለሙከራ ጊዜ የሚሰጥ መምህር ማግኘት ያስቸግራል።