የእንግዳ ክብርና የከተማ ዕዳ
የውጭ አገር መሪዎች ጥበቃ ታሪክና ዋጋው

አንድ የውጭ አገር መሪ ወደ አንዲት ከተማ ሲመጣ ክብርና ሥጋት ጎን ለጎን ይጓዛሉ። ክብሩ ባንዲራ ያሰቅላል፣ ምንጣፍ ያስነጥፋል፣ መድፍ ያስተኩሳል። ሥጋቱ ደግሞ መንገድ ያዘጋል፣ መስኮት ያስፈትሻል፣ በየማዕዘኑ ፖሊስ ያቆማል። በቀድሞው ዘመን ክብሩ ገኖ ይታይ ነበር፤ በዛሬው ዘመን ግን ሥጋቱ ክብሩን እየሸፈነው መጥቷል። ይህ ለውጥ እንዴት እንደመጣ፣ ምን ያህል ዋጋ እንደሚያስከፍልና ዋጋውንም ማን እንደሚከፍል መመርመር፣ መንገድን፣ ድልድይንና ሕንፃን ለሚያቅድ ባለሙያ ከሥራው የራቀ ጉዳይ አይደለም። ምክንያቱም እንግዳው የሚያልፍበትም ሆነ ሕዝቡ የሚታገድበት መንገድ አንድና ያው ነውና።

ክፍት መኪናና መዘዙ

እ.ኤ.አ. ጥቅምት 9 ቀን 1934 የዩጎዝላቪያው ንጉሥ ቀዳማዊ አሌክሳንደር ለይፋ ጉብኝት በማርሴይ ወደብ ወረዱ። የፈረንሳዩ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሉዊ ባርቱ ተቀብለዋቸው ባንድ መኪና ተቀመጡ። መኪናው ጎኑ ክፍት ነበር፤ የሚጓዘውም ሕዝቡ ንጉሡን አይቶ እንዲጠግብ ተብሎ በእግረኛ ርምጃ ልክ ነበር። በመንገዱ ዳር የቆሙት ፖሊሶች ቁጥራቸው አነስተኛ፣ በመካከላቸውም ያለው ክፍተት ሰፊ ነበር። ገዳዩ ከሕዝቡ መካከል ሮጦ ወጥቶ በመኪናው መርገጫ ላይ ቆመና ንጉሡን በጥይት መታቸው። አንድ በፈረስ የሚያጅብ መኰንን ገዳዩን በጎራዴ ቢጥለውም ጊዜው አልፎ ነበር።

የዚህ ታሪክ ትልቁ ትምህርት ግን ከዚያ ቀጥሎ የሆነው ነው። ፖሊሶቹ በድንጋጤ ወደ ግርግሩ ተኮሱ፤ ከተመልካቹም የሞቱና የቆሰሉ ነበሩ። ከብዙ ዓመታት በኋላ ይፋ የሆነው የጥይት ምርመራ እንዳሳየው፣ ሚኒስትር ባርቱን ለሞት ያበቃው ጥይት የተተኮሰው ከፖሊስ መሣሪያ ነበር። እንግዲህ በማርሴይ የታየው ሁለት ዓይነት ጉድለት ነው፤ አንደኛው የጥበቃ ማነስ ሲሆን ሁለተኛው የተሠማራው ጥበቃ ሥርዓት ማጣት ነው።

ያም ሆኖ ክፍት መኪና ለብዙ ዓመታት አልቀረም። እ.ኤ.አ. በጥቅምት ወር 1963 መጀመሪያ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዋሽንግተንን ሲጎበኙ ከፕሬዚዳንት ኬኔዲ ጋር በክፍት መኪና ተቀምጠው በሕዝብ መካከል አልፈዋል። ሁለት ወር ሳይሞላ፣ እ.ኤ.አ. ኅዳር 22 ቀን 1963፣ ኬኔዲ በዳላስ ከተማ በክፍት መኪና እንደተቀመጡ ተገደሉ። ከሦስት ቀን በኋላ ንጉሠ ነገሥቱ ከፈረንሳዩ ፕሬዚዳንት ደ ጎል ጋር ከፊት ሆነው፣ ከሌሎችም የዓለም መሪዎች ጋር፣ አስከሬኑን ተከትለው በዋሽንግተን አደባባይ በእግራቸው ተጓዙ። ጥበቃውን የሚመሩት ሰዎች እጅግ ተጨንቀው ነበር። ይህን ያህል የአገር መሪ ባንድነት፣ ባልተከለለ መንገድ፣ በእግሩ ሲሄድ መታየቱ የአንድ ዘመን መዝጊያ ሆነ ማለት ይቻላል። የኬኔዲ መኪና ወደ ፋብሪካ ተመልሶ ቋሚ ጣሪያና ጥይት የሚከላከል አካል ከተገጠመለት በኋላ እ.ኤ.አ. በ1964 እንደገና ሥራ ጀመረ። ከዚያ ወዲህ መሪውና ሕዝቡ የሚተያዩት በወፍራም መስተዋት በኩል ሆነ።

አደጋው ከወዴት ይመጣል?

የጥበቃ ብዛት ብቻውን አደጋን እንደማያስቀር ታሪክ ደጋግሞ አሳይቷል። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 9 ቀን 1983 የደቡብ ኮርያው ፕሬዚዳንት ቹን ዱ ሁዋን በርማን ሲጎበኙ፣ የአበባ ጉንጉን ሊያኖሩበት በነበረው የራንጉን የሰማዕታት መታሰቢያ ላይ አስቀድሞ የተጠመደ ቦምብ ፈንድቶ ሚኒስትሮቻቸውን ጨምሮ 21 ሰዎች ሞቱ። ፕሬዚዳንቱን ያዳናቸው ዘግይተው መድረሳቸው ነበር። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 30 ቀን 1987 ደግሞ የሕንዱ ጠቅላይ ሚኒስትር ራጂቭ ጋንዲ በኮሎምቦ የክብር ዘብ ሲጎበኙ፣ ከተሰለፉት የባሕር ኃይል ወታደሮች አንዱ በጠመንጃው ሰደፍ መታቸው። በራንጉን አደጋው ከጣሪያ ሥር፣ በኮሎምቦም ከክብር ዘቡ ውስጥ መጣ። በሁለቱም ስፍራ መንገድ ላይ የቆመው ሕዝብ ምንም አላደረገም።

ለአዲስ አበባ ነዋሪ ይህ ሁሉ የሩቅ ወሬ አይደለም። በግንቦት ወር 1955 ዓ.ም. ከ30 የሚበልጡ ነፃ የአፍሪካ አገሮች መሪዎችና ተወካዮች በአፍሪካ አዳራሽ ተሰብስበው የአፍሪካ አንድነት ድርጅትን ሲመሠርቱ ከተማዪቱ የእንግዳ መናኸሪያ ሆና ተተከለች። በዚህም የተነሣ ከቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ወደ መሐል ከተማ የሚወስደው መንገድ የአህጉሩ መሪዎች መተላለፊያ ሆነ። ሰኔ 19 ቀን 1987 ዓ.ም. ግን ያ መንገድ የውጊያ ሜዳ ሆኖ ዋለ። የግብጹ ፕሬዚዳንት ሆስኒ ሙባረክ ለድርጅቱ የመሪዎች ጉባኤ መጥተው ከቦሌ ሲወጡ፣ ታጣቂዎች መንገዱን በመኪና ዘግተው ተኩስ ከፈቱባቸው። በተኩሱ ልውውጥ ከኢትዮጵያ ፖሊሶችም ሕይወታቸውን ያጡ ነበሩ። ሙባረክ ተቀምጠውበት የነበረው ከካይሮ የመጣው ጥይት የማይበሳው መኪና ወዲያው ዞሮ ወደ አውሮፕላን ማረፊያው ተመለሰ፤ ፕሬዚዳንቱም በዚያው ዕለት ወደ አገራቸው ተሳፈሩ።

የነገሩ ውጤት ከቦሌ መንገድ አልፎ ሄደ። የተባበሩት መንግሥታት የጸጥታ ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በጥር ወር 1996 ባሳለፈው ውሳኔ ቁጥር 1044 ሱዳን ተጠርጣሪዎቹን እንድታስረክብ ጠየቀ፤ በሚያዝያም በውሳኔ ቁጥር 1054 የዲፕሎማሲ ማዕቀብ ጣለባት። የአንድ ጎዳና የጥቂት ደቂቃ ተኩስ የአንድን አገር የውጭ ግንኙነት ለዓመታት አሰናከለ። ስለዚህ ጥበቃን እንደ ከንቱ ትርኢት ብቻ የሚቆጥር ሰው ይህን ታሪክ መዘንጋት የለበትም። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1973 ያጸደቀው ዓለም አቀፍ ስምምነትም አገሮች የውጭ መሪዎችን ከጥቃት ለመጠበቅ ያለባቸውን ግዴታ በሕግ አጽንቶታል። እንግዲህ ክርክሩ ጥበቃ ይኑር ወይስ አይኑር የሚል አይደለም፤ በምን ዓይነት፣ በምን ያህልና በማን ኪሳራ ይሁን የሚል ነው።

ኪሳራው በማን ላይ ይወድቃል?

እ.ኤ.አ. በኅዳር ወር 2003 የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ጆርጅ ቡሽ ለንደንን ሲጎበኙ ከ14,000 ያላነሰ የፖሊስ ፈረቃ ተመድቦ ነበር፤ ለዋና ከተማዪቱ ፖሊስ ብቻ የተገመተውም ወጪ 5 ሚሊዮን ፓውንድ ያህል ነበር። በእንግሊዝ ልማድ ንግሥቲቱና እንግዳው በሠረገላ ሆነው በአደባባይ የሚያልፉበት ሥነ ሥርዓት ቀርቶ አቀባበሉ በቤተ መንግሥቱ ግቢ ተደረገ። ክብሩን ለማሳየት የተጠራ ጉብኝት፣ ክብሩ የሚታይበትን ክፍል ለሥጋቱ ሠዋ ማለት ነው።

እ.ኤ.አ. በመስከረም ወር 2007 በሲድኒ በተደረገው የእስያና የፓስፊክ አገሮች የመሪዎች ጉባኤ ጊዜ ደግሞ በከተማዪቱ እምብርት 5 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝም የብረት አጥር ተተከለ፤ ሕዝቡ ከመሐል ከተማ እንዲርቅም አንድ የሥራ ቀን በዓል ሆኖ ታወጀ። ለጥበቃው የወጣው ገንዘብ ከመቶ ሚሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር በላይ ነበር። ዳሩ ግን የቴሌቪዥን ቀልደኞች ጥቂት ጥቁር መኪናዎችን ተከራይተው፣ የካናዳን ባንዲራ ሰቅለው፣ ሁለት የፍተሻ ኬላዎችን አልፈው የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ያረፉበት ሆቴል አጠገብ ደረሱ። ካንዱ መኪና ውስጥ የነበረው ቀልደኛ ቢን ላደንን መስሎ የለበሰ ነበር። አጥሩ ተላላፊውን ነጋዴ አግዶ የውሸት አጀብ አሳለፈ። ማንነትን የመለየት ሥራ ከላላ፣ የብረቱ ርዝመት ብቻውን ምንም እንደማይፈይድ ከዚህ የበለጠ ምሳሌ አይገኝም።

ከገንዘብ የሚከፋ ኪሳራም አለ። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 8 ቀን 2003 ፕሬዚዳንት ቡሽ በሴኔጋል የምትገኘውን የጎሬ ደሴት ጎበኙ። ጎሬ አፍሪካውያን ባሮች ወደ ባሕር ማዶ የተጫኑባት ስፍራ ሆና የምትታሰብ ደሴት ናት፤ ፕሬዚዳንቱም የመጡት ስለ ባርነት ግፍ ሊናገሩ ነበር። በዚያ ጧት ግን የደሴቲቱ ነዋሪዎች ከየቤታቸው እየተጠሩ ወጥተው በእግር ኳስ ሜዳ ተሰበሰቡና እንግዳው እስኪሄዱ ድረስ ለሰዓታት እዚያው እንዲቆዩ ተደረገ። ነዋሪዎቹ በምሬት ነገሩን ከጥንቱ የባርነት ዘመን ጋር አመሳሰሉት። ከአምስት ዓመት በፊት ፕሬዚዳንት ክሊንተን በመጡ ጊዜ ይህን የመሰለ ነገር ስላልደረሰባቸው ቅሬታቸው የባሰ ሆነ። ንግግሩ ምንም ያህል ያማረ ቢሆን፣ የደሴቲቱ ሰው የሚያስታውሰው ሜዳውን ነው።

በቶሮንቶም እ.ኤ.አ. በሰኔ ወር 2010 በተደረገው የ20 አገሮች ጉባኤ ጊዜ ከ1,000 የሚበልጡ ሰዎች ታሰሩ፤ ብዙዎቹም ያለ ክስ ተለቀቁ። ታሳሪዎቹ ባቀረቡት የኅብረት ክስ ፖሊስ ከአሥር ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2020፣ 16.5 ሚሊዮን የካናዳ ዶላር ለመክፈል ተስማማ። የጥበቃ ሒሳብ እንግዳው በተሸኘበት ቀን አይዘጋም።

የቆመ መንገድ ስሌት

ከሁሉ ይልቅ ሳይመዘገብ የሚቀረው ወጪ የሕዝብ ጊዜ ነው። ይህን ለመገመት ቀላል ስሌት ይበቃል። አንድ መንገድ በሰዓት 1,800 ተሽከርካሪ የማስተላለፍ ዐቅም አለው፤ ወደርሱ የሚመጣውም በሰዓት 1,500 ነው እንበል። መንገዱ ለ30 ደቂቃ ቢዘጋ 750 ተሽከርካሪ ይሰለፋል። ሲከፈት ሰልፉን የሚያቃልለው ትርፍ ዐቅም በሰዓት 300 ብቻ ስለሆነ፣ መንገዱ ወደ ቀድሞ ሁኔታው የሚመለሰው ከ2 ሰዓት ተኩል በኋላ ነው። በጠቅላላው የሚባክነው ጊዜ 1,125 የተሽከርካሪ ሰዓት ይሆናል። በየተሽከርካሪው በአማካይ 5 ሰው ቢቀመጥ ከ5,600 የሚበልጥ የሰው ሰዓት ጠፋ ማለት ነው። ይህም ለአንድ መንገድና ለአንድ ማለፊያ ብቻ ነው።

ስሌቱ ሌላም ነገር ይገልጻል። መዘጋቱ ከ30 ደቂቃ ወደ 15 ቢያጥር ብክነቱ በግማሽ ሳይሆን ወደ ሩብ ይወርዳል፤ ወደ 281 የተሽከርካሪ ሰዓት ማለት ነው። ወደ አንድ ሰዓት ቢረዝም ደግሞ አራት እጥፍ ያድጋል። ብክነቱ የሚያድገው በመዝጊያው ጊዜ ካሬ ልክ ነውና። ስለዚህ አንድ አዛዥ «ለማንኛውም» ብሎ አስቀድሞ የሚዘጋት እያንዳንዷ ደቂቃ ከቀደመችው የበለጠ ታስከፍላለች። ከፋዩም የቀን ሠራተኛው፣ ባለ ታክሲው፣ ፈተና የሚጠብቀው ተማሪ፣ ከሁሉም በላይ በአምቡላንስ ውስጥ የተኛው በሽተኛ ነው።

በሐምሌ ወር 2007 ዓ.ም. ፕሬዚዳንት ኦባማ ናይሮቢንና አዲስ አበባን በተከታታይ ሲጎበኙ በናይሮቢ ዋና ዋና ጎዳናዎች ተዘግተው ብዙ ሰው ከቤቱ ሳይወጣ ዋለ። በአዲስ አበባም የመሪዎች ጉባኤ በመጣ ቁጥር የሚዘጉት መንገዶች ዝርዝር በሬዲዮና በጋዜጣ መነገሩ የተለመደ ነው። ማስታወቂያው መልካም ነው፤ ጉድለቱ የሚዘጉበትንና የሚከፈቱበትን ትክክለኛ ሰዓት ብዙ ጊዜ አለመያዙ ነው።

ምን ይበጃል?

የመጀመሪያው መፍትሔ በፕላን ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በሐምሌ ወር 2001 በጄኖቫ በተደረገው የ8 አገሮች ጉባኤ ከተማዪቱ በአጥር ተከፍላ አንድ ወጣት ሰልፈኛ በጥይት ከሞተ በኋላ፣ የሚቀጥለው ዓመት ጉባኤ ካናናስኪስ ወደሚባል የካናዳ ተራራማ ስፍራ ተወሰደ። አዲስ አበባ ይህን ለማድረግ አትችልም፤ በ2004 ዓ.ም. የተመረቀው የአፍሪካ ኅብረት ሕንፃ የቆመው በከተማ ውስጥ፣ የቀድሞው ወኅኒ ቤት በነበረበት ስፍራ ነው። እንግዳ ሁሉ ከማረፊያው እስከ አዳራሹ በሕዝብ መንገድ ላይ ማለፉ አይቀርም። አንድ ጊዜ የተወሰነ የሕንፃ ስፍራ የብዙ ዐሥር ዓመታት የጥበቃ ወጪን አብሮ ይወስናል። ወደፊት እንግዳ ማረፊያና የጉባኤ አዳራሽ ስፍራው ሲመረጥ፣ መሐንዲሱ ከአፈሩ ጥንካሬና ከውኃው መስመር ጋር ይህንም እንዲያሰላ ይገባል።

ሁለተኛው በአሠራር ላይ ነው። መንገዱን ከዳር እስከ ዳር ባንድ ጊዜ ከመዝጋት ይልቅ አጀቡ ሲቃረብ ብቻ በየክፍሉ እየዘጉ፣ እንዳለፈ ወዲያው መክፈት፤ አምቡላንስና የእሳት አደጋ መኪና የሚያልፍበትን ተለዋጭ መስመር አስቀድሞ መወሰን፤ የትራፊክ መሐንዲስን ከጥበቃ አዛዡ ጋር ባንድ ጠረጴዛ ማስቀመጥ። ሦስተኛው በሒሳብ ላይ ነው። ከእያንዳንዱ ታላቅ ጉብኝት በኋላ የወጣው ገንዘብና የባከነው የሕዝብ ሰዓት ተሰልቶ ቢቀርብ የሚቀጥለው ዕቅድ ከዚያ ይማራል።

በማርሴይ ሥርዓት የሌለው ጥበቃ ሚኒስትሩን ገደለ፤ በሲድኒ ማንነትን ያልለየ አጥር ተቀለደበት፤ በቦሌ መንገድ ጠንካራ መኪና፣ ያልተዘጋ የኋላ መንገድና የሾፌሩ ፈጣን ውሳኔ ሕይወት አተረፉ። እንግዳን መጠበቅ ግዴታ ነው፤ አስተናጋጁም ሕዝብ በቤቱ ሳለ እንደ ባይተዋር እንዳይቆጠር መጠበቅ ከዚያ ያላነሰ ግዴታ ነው። ሁለቱን የሚያስማማው ልክን ማወቅ ሲሆን፣ ልክን መለካትም ከጥንት ጀምሮ የመሐንዲስ ሥራ ነው።