ተንቀሳቃሽ ዳክና አምፕሊፋየር ለስማርትፎን

ተንቀሳቃሽ ዳክና አምፕሊፋየር ከስማርትፎን ጋር ተያይዞ፣ በቁጥር መልክ የተቀመጠን ሙዚቃ ወደ ኤሌክትሪክ ሞገድ የሚቀይርና ሞገዱን የጆሮ ማዳመጫን ለማንቀሳቀስ እስኪበቃ የሚያጎላ ትንሽ መሣሪያ ነው። ቅየራውን የሚሠራው ክፍል ዳክ፣ የሚያጎላው አምፕሊፋየር ይባላል። ዛሬ ሁለቱ አብዛኛውን ጊዜ በአንድ አካል ውስጥ ይገኛሉ። መሣሪያው ከጣት የማይበልጥ፣ አጭር ገመድ ያለው ዶንግል ሊሆን ይችላል፤ የራሱ ባትሪ ያለው፣ ኪስ የሚገባ ሣጥንም አለ፤ በብሉቱዝ የሚገናኝ መቀበያም አለ።

ድምፅ የሚያወጣ ስልክ ሁሉ የራሱ ዳክና አምፕሊፋየር በውስጡ አለው። ተጨማሪ የሚገዛው ስልኩ የማዳመጫ ጃክ ስለሌለው፣ ወይም በውስጡ ያለው አምፕሊፋየር ለማዳመጫው ስለሚያንስ ነው። ሻጮች ስለ ዳኩ ቺፕ ብዙ ያወራሉ። በጆሮ የሚሰማውን ልዩነት የሚያመጡት ግን በአብዛኛው አምፕሊፋየሩ የሚያወጣው ቮልቴጅ፣ የሚሰጠው ከረንትና የውጤት ኢምፒዳንሱ ናቸው። እነዚህን ሦስቱን መመዘን የሚቻለው ደግሞ ማዳመጫው ከታወቀ በኋላ ብቻ ነው፤ ዳክ መርጦ ማዳመጫ የሚፈልግ ሰው ሥራውን ከጅራቱ ጀምሮታል።

ከጃክ ወደ ታይፕ ሲ

ኦዲዮክዌስት የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በ2012 (በዚህ መጣጥፍ ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ድራጎንፍላይ የሚል ስም የሰጠውን ዳክ አወጣ። ፍላሽ የሚያህል፣ ኮምፒውተር ላይ የሚሰካ ነበር። በንድፉ የተሳተፈው ጎርደን ራንኪን ይታወቅ የነበረው፣ የዩኤስቢ ዳክ የሙዚቃውን ፍሰት ከኮምፒውተሩ ተቀብሎ በራሱ ሰዓት እንዲመራው በሚያደርግ አሠራር ነው። ኩባንያው በ2016 ያወጣቸው ጥቁርና ቀይ ድራጎንፍላዮች የሚስቡት ኃይል ስለተቀነሰ ከስልክም ጋር መሥራት ቻሉ።

በዚያው ዓመት ሞቶሮላ ሞቶ ዜድን፣ አፕል ደግሞ አይፎን 7ን ያለ 3.5 ሚሊሜትር ጃክ ለገበያ አቀረቡ። ጉግል በ2017 በፒክስል 2፣ ሳምሰንግ በ2019 በጋላክሲ ኖት 10 ተከተሏቸው። ኤልጂ በአንጻሩ ጃኩን ይዞ ቆየ፤ በ2016 ያወጣው ቪ20 አራት ዳኮችን ያጣመረ ቺፕ ነበረው። ኩባንያው በ2021 የስልክ ሥራውን ሲዘጋ፣ ጥሩ ድምፅን ዋና መሸጫው ያደረገ ትልቅ የስልክ አምራች ከገበያ ወጣ። በ2023 አይፎን 15 ወደ ዩኤስቢ ታይፕ ሲ መሰኪያ ሲዞር ደግሞ አንድ ዶንግል ለአንድሮይድም ለአይፎንም የሚያገለግልበት ጊዜ መጣ።

ከአይፎን 7 ጋር በሣጥኑ ውስጥ የተሰጠችው አጭር ገመድ ተራ ማገናኛ ትመስል ነበር፤ በጫፏ ውስጥ ግን ሙሉ ዳክና አምፕሊፋየር አለ። በ2018 የመጣው የታይፕ ሲ አቻዋ በአሜሪካ በ9 ዶላር ይሸጣል፣ 1 ቮልት ገደማ ያወጣል፣ የውጤት ኢምፒዳንሱም ከ1 ኦም አይበልጥም። ለአብዛኛው ተራ የጆሮ ማዳመጫ ይህ ይበቃል፤ ከዚህ በላይ የሚከፍል ሰው ለምን እንደሚከፍል ማወቅ አለበት። ሁለት ጉድለቶቹ ግን መታወቅ አለባቸው። ለአውሮፓ ገበያ የተሠራው የሚያወጣው ቮልቴጅ የአሜሪካው ግማሽ ገደማ ነው። በብዙ የአንድሮይድ ስልኮች ላይ ሲሰካ ደግሞ የድምፅ መጠኑ እስከ መጨረሻው አይደርስም።

ማዳመጫው የሚጠይቀው ኃይል

በማዳመጫ ሣጥን ላይ የሚጻፉ ሁለት ቁጥሮች ምርጫውን ይወስናሉ። አንዱ በኦም የሚለካው ኢምፒዳንስ፣ ማለትም ማዳመጫው ለከረንት የሚያሳየው መቋቋም ነው። ሌላው ትብነት ነው፤ ማዳመጫው በ1 ሚሊዋት ኃይል ስንት ዴሲቤል እንደሚያሰማ ይናገራል። አንዳንድ አምራቾች ትብነትን በ1 ሚሊዋት ፈንታ በ1 ቮልት ይሰጣሉ፤ ሁለቱን ማምታታት ትልቅ ስሕተት ያመጣል። ኢምፒዳንሱ 16 ኦም የሆነ፣ በ1 ሚሊዋት 105 ዴሲቤል የሚሰጥ ማዳመጫ በ1 ቮልት ሲለካ 123 ዴሲቤል ይሆናል። 300 ኦም ላይ ግን በሁለቱ አለካኮች መካከል ያለው ልዩነት 5 ዴሲቤል ብቻ ነው። "ዴሲቤል" ብቻ ተብሎ የተጻፈ ትብነት ሲያጋጥም አለካኩን ማጣራት ይገባል።

ሙዚቃን በመካከለኛ ድምፅ የሚሰማ ሰው በአማካይ ከ70 እስከ 80 ዴሲቤል ባለው መጠን ያዳምጣል። በከበሮ ምት ወይም በኦርኬስትራ ጩኸት ጊዜ ግን ሞገዱ ከአማካዩ በብዙ ዴሲቤል ይዘላል። ለእነዚህ ቅጽበታት 110 ዴሲቤል ድረስ የሚደርስ አቅም መያዝ በቂ ግብ ነው። ሦስት ማዳመጫዎችን በዚህ ግብ እንመዝን።

ከላይ የተጠቀሰው የጆሮ ውስጥ ማዳመጫ 110 ዴሲቤል ለመድረስ 3 ሚሊዋት ገደማ ይበቃዋል፤ ይህም ከሩብ ቮልት በታች ነው። ማንኛውም ስልክ ያንን ይሰጣል። ሁለተኛው 300 ኦም፣ በ1 ሚሊዋት 97 ዴሲቤል የሚሰጥ ማዳመጫ ይሁን፤ በስቱዲዮ ማዳመጫዎች ዘንድ የተለመደ ዓይነት ነው። እርሱ 20 ሚሊዋት ይፈልጋል። 20 ሚሊዋት ትንሽ ይመስላል፤ በ300 ኦም ላይ ለማግኘት ግን ወደ 2.5 ቮልት ያስፈልጋል፣ ከረንቱ ግን 8 ሚሊአምፔር ብቻ ነው። ባለ 1 ቮልቱ ዶንግል እዚህ ላይ በ102 ዴሲቤል ይቆማል፤ ድምፁ ይሰማል፣ በዝቅተኛ ድምፅ የተቀዳ ክላሲካል ሙዚቃ ሲመጣ ግን ያንሳል። ሦስተኛው የሃይፋይማን ኤችኢ-6 ነው፤ 50 ኦም ያለው፣ በ1 ሚሊዋት 83.5 ዴሲቤል የሚሰጥ፣ ኃይል በመጠጣት የታወቀ ማዳመጫ። እርሱ ለተመሳሳይ ግብ 450 ሚሊዋት ገደማ፣ ማለትም 4.7 ቮልትና 95 ሚሊአምፔር ይጠይቃል። ከስልክ ባትሪ የሚስብ ትንሽ ዶንግል ይህን ሁሉ ይሰጣል ብሎ መጠበቅ አይገባም፤ እንዲህ ያለ ማዳመጫ የራሱ ባትሪ ያለው ጠንካራ አምፕሊፋየር፣ ካልሆነም የጠረጴዛ መሣሪያ ይፈልጋል።

ሁለተኛውና ሦስተኛው ማዳመጫ የሚፈልጉት ነገር የተለያየ መሆኑን ማስተዋል ያስፈልጋል። ከፍተኛ ኦም ያለው ቮልቴጅ ይፈልጋል፤ ዝቅተኛ ኦምና ዝቅተኛ ትብነት ያለው ግን ከቮልቴጁ ጋር ከረንትም ይፈልጋል። "ኦሙ ከፍ ካለ ለመንዳት ይከብዳል" የሚለው የተለመደ አባባል ስለዚህ ግማሽ እውነት ብቻ ነው።

አምራቾች አብዛኛውን ጊዜ የሚያስተዋውቁት በ32 ኦም ላይ የሚገኘውን ኃይል ነው፤ ቁጥሩ ትልቅ ሆኖ ስለሚታይ። ገዢው ያንን ወደ ቮልቴጅ መመለስ አለበት፤ ኃይሉን በዋት አስቀምጦ በኦሙ ማባዛትና ስኩዌር ሩት መውሰድ ነው። በ32 ኦም 125 ሚሊዋት የሚል መሣሪያ 2 ቮልት ያወጣል ማለት ነው። ያው 2 ቮልት በ300 ኦም ላይ 13 ሚሊዋት ብቻ ይሆናል። በ300 ኦም ስንት ሚሊዋት እንደሚሰጥ የሚጽፍ አምራች የበለጠ እምነት ይገባዋል።

ባላንስድ የሚባለው አያያዝ እዚህ ላይ ይጠቅማል። ለግራና ለቀኝ ለየብቻ ሁለት ሁለት አምፕሊፋየር ስለሚሠራ የሚወጣው ቮልቴጅ እስከ እጥፍ፣ በተመሳሳይ ኦም ላይ ኃይሉ እስከ አራት እጥፍ ያድጋል። ቀድሞ 2.5 ሚሊሜትር፣ አሁን በብዛት 4.4 ሚሊሜትር መሰኪያ ይጠቀማል፤ ማዳመጫውም ለዚህ የተሠራ ገመድ ሊኖረው ይገባል። ጥቅሙ ይኸው ትርፍ ኃይል ነው። ሩብ ቮልት የሚበቃው ማዳመጫ የያዘ ሰው ለባላንስድ ተጨማሪ ገንዘብ የሚያወጣበት ምክንያት የለውም።

የኃይል ትርፍ አደጋም አለው። 2 ቮልት የሚያወጣ ዶንግል ያንን የ16 ኦም የጆሮ ውስጥ ማዳመጫ በስሌት 129 ዴሲቤል ድረስ ሊገፋው ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት በሳምንት ለ40 ሰዓት የሚፈቅደው 80 ዴሲቤል ነው፤ በየ3 ዴሲቤሉ ጭማሪ ጊዜው በግማሽ ስለሚቀንስ በ90 ዴሲቤል 4 ሰዓት ብቻ ይቀራል። አንዳንድ የሙዚቃ አፖች የስልኩን የድምፅ መቆጣጠሪያ አልፈው ሙሉውን ሞገድ ስለሚልኩ፣ አዲስ መሣሪያ ሲሰካ ማዳመጫውን ጆሮ ውስጥ ሳያስገቡ መጀመሪያ በእጅ ይዞ መሞከር ግድ ነው።

የውጤት ኢምፒዳንስ

ከቮልቴጅ ቀጥሎ ትኩረት የሚገባው፣ በሣጥኑ ላይ ግን ብዙ ጊዜ የማይጻፈው ቁጥር የአምፕሊፋየሩ የውጤት ኢምፒዳንስ ነው። ብዙ ትናንሽ ድምፅ አመንጪዎችን ያጣመሩ የጆሮ ውስጥ ማዳመጫዎች ኢምፒዳንሳቸው በየድምፁ ይለዋወጣል፤ በወፍራም ድምፅ 40 ኦም የነበረው በቀጭኑ 8 ኦም ሊሆን ይችላል። አምፕሊፋየሩ ራሱ 10 ኦም የውጤት ኢምፒዳንስ ካለው ቮልቴጁን ከማዳመጫው ጋር ይካፈላል፤ ድርሻው በየድምፁ ስለሚለያይ በወፍራሙና በቀጭኑ መካከል የ5 ዴሲቤል መዛባት ይፈጠራል። ይህን ማንም ሰው ያለ ሥልጠና ይሰማዋል። የውጤቱ ኢምፒዳንስ 1 ኦም ከሆነ ግን መዛባቱ ከ1 ዴሲቤል በታች ይወርዳል። በተለምዶ የሚሠራበት መለኪያ የአምፕሊፋየሩ ኢምፒዳንስ ከማዳመጫው አንድ ስምንተኛ እንዳይበልጥ ነው። ሰዎች "ይህ ዳክ ሞቃት ድምፅ አለው፣ ያኛው ቀዝቃዛ ነው" የሚሉት አንዳንዴ ከዚህ የመጣ እውነተኛ ልዩነት ነው፤ ምንጩ ግን ዳኩ አይደለም።

እንዲህ ያሉ ማዳመጫዎች ትብነታቸው ከፍ ያለ ስለሆነ የአምፕሊፋየሩን የጀርባ ሹክሹክታም ያሰማሉ። ለእነርሱ ከጉልበት ይልቅ ጸጥታ ይመረጣል።

ቺፕ፣ ቢትና ኪሎኸርዝ

የዳክ ቺፕ የሚያመርቱት ኩባንያዎች ጥቂት ናቸው፤ ኢኤስኤስ ቴክኖሎጂና ሲረስ ሎጂክ ከአሜሪካ፣ አሳሂ ካሴይ ከጃፓን በብዛት ይጠቀሳሉ። በጥቅምት 2020 የአሳሂ ካሴይ የኖቤኦካ ፋብሪካ በእሳት ሲቃጠል ብዙ አምራቾች በሌሎቹ ቺፖች አዳዲስ ሞዴሎችን ለመንደፍ ተገደዱ። የእንግሊዙ ቾርድ ደግሞ በ2015 ሞጆ በተባለው መሣሪያው ዝግጁ ቺፕ ትቶ፣ መሐንዲሱ ሮብ ዋትስ የጻፈውን ፕሮግራም በሚያስኬድ ቺፕ ተጠቀመ።

ሲዲ በሴኮንድ 44,100 ናሙናዎችን በ16 ቢት ይይዛል። ይህ እስከ 22 ኪሎኸርዝ ገደማ ያለውን ድምፅና 96 ዴሲቤል የሚሆን የዝቅታና የከፍታ ስፋት ይሸፍናል፤ የሰው ጆሮ የሚደርሰው በወጣትነት 20 ኪሎኸርዝ ነው። ሜየርና ሞራን በ2007 ባሳተሙት ጥናት ከፍተኛ ጥራት ያለውን ቅጂና በሲዲ ደረጃ ያለፈውን ለአድማጮች ሳይነግሩ አቀያይረው ሲያሰሙ፣ ከ554 ሙከራ ትክክል የሆነው 276 ነበር፤ ሳንቲም ወርውሮ ከመገመት አይለይም። ተመራማሪው ጆሹዋ ሪስ በ2016 የ18 ሙከራዎችን ውጤት አዋሕዶ ሲመረምር 52.3 በመቶ ትክክለኛ መልስ አገኘ፤ ልዩነት አለ ከተባለ እጅግ ጥቂት ነው። 32 ቢትና 768 ኪሎኸርዝ የሚል ጽሑፍ ስለዚህ ዋጋ የሚያስጨምር ምክንያት ሊሆን አይገባም።

አሮጌ ቅጂዎች ላይ ነጥቡ ይበልጥ ይጠራል። አምሐ እሸቴ በ1969 ባቋቋመው አምሐ ሪከርድስ የወጡት የአዲስ አበባ ሙዚቃዎች የተቀዱት በዘመኑ ቴፕ ነው፤ የቴፑ ሹክሹክታ 16 ቢት ከሚፈቅደው ወለል በላይ ይገኛል። እነዚያን ዘፈኖች በደንብ ለመስማት የሚረዳው ጥንቃቄ የተደረገበት ዝውውርና ጥሩ ማዳመጫ ነው።

ከስልኩ ጋር መግባባት

አንድሮይድ ለብዙ ዓመታት ከተለያዩ አፖች የሚመጣውን ድምፅ ሲያዋሕድ ሁሉንም ወደ አንድ የናሙና ፍጥነት፣ በብዛት ወደ 48 ኪሎኸርዝ ይቀይር ነበር። ፋይሉን ሳይነካ ለማውጣት የራሱ የዩኤስቢ ድራይቨር ያለው አፕ ያስፈልግ ነበር። በ2023 የወጣው አንድሮይድ 14 ይህን ከሥርዓቱ ለማድረግ መንገድ ከፈተ፤ የስልኩና የአፑ ድጋፍ ግን ያስፈልጋል። አይፎን በበኩሉ የዳኩን ፍጥነት ከፋይሉ ጋር ያስማማል፤ አፕል ሙዚቃ በ2021 ከፍተኛ ጥራት ሲጀምር ከ48 ኪሎኸርዝ በላይ ለሆነው የውጭ ዳክ እንደሚያስፈልግ አስታውቋል።

በርካሽ የሚሸጡ አንዳንድ የታይፕ ሲ ገመዶች በውስጣቸው ዳክ የላቸውም። የሚሠሩት በታይፕ ሲው በኩል የተቀየረውን ሞገድ በቀጥታ በሚያወጡ ስልኮች ላይ ብቻ ነው፤ በሌላ ስልክ ላይ ሲሰኩ ምንም ድምፅ አይሰማም። ሲገዙ "ዳክ ያለበት" መሆኑን መጠየቅ ይገባል።

ብሉቱዝና ባትሪ

የብሉቱዝ መቀበያ ስልኩን ከገመድ ነጻ ያደርጋል፣ የራሱ ባትሪም ስላለው የስልኩን አይነካም። ኤልዳክ የተባለው የሶኒ አሠራር በሴኮንድ እስከ 990 ኪሎቢት ያስተላልፋል፤ የሲዲው 1,411 ነው። ሰው በሚበዛበት ቦታ ግንኙነቱ ሲዳከም ቁጥሩ ይወርዳል። ዶንግል ግን ከስልኩ ባትሪ ይስባል፣ ሙዚቃ ባይኖርም ተሰክቶ ከቆየ መሳቡን አያቆምም፣ የስልኩን ብቸኛ ቀዳዳም ስለሚይዝ እያዳመጡ ቻርጅ ማድረግን ይከለክላል። ለዚህ ሁለት ቀዳዳ ያላቸው ማከፋፈያዎች አሉ። በ2ጂ ኔትወርክ ላይ የሚደወል ስልክ አጠገቡ ባለ ደካማ መከላከያ ያለው ዶንግል ውስጥ በሴኮንድ 217 ጊዜ የሚመታ ጉርምርምታ ያስገባል፤ አጭርና በብረት የተሸፈነ ገመድ ያለው ሞዴል ይህን ይቀንሳል።