ኮሜዲ (በፊልም ጥበብ)

ኮሜዲ ተመልካችን ማሳቅ ዐቢይ ዓላማው የሆነ የፊልም ዘርፍ ነው፤ ይሁን እንጂ በኅዘን ፊልም መካከል እንኳ አንድ ቧልተኛ ሎሌ ብቅ ብሎ አዳራሹን ሊያናውጠው ስለሚችል፣ ሳቅ ብቻውን ሚዛን አይሆንም። የተሻለው መለያ ከአርስጣጣሊስ የወረስነው ነው፤ ይኸውም የሚያስቀው ነውር ሕመምንና ጥፋትን የማያስከትል መሆኑ ነው። የዘርፉ ድንበር ግን ዛሬም ያከራክራል፤ በ2016 እ.ኤ.አ. በማርስ ላይ ብቻውን የቀረ ሰው ታሪክ የሆነው «ዘ ማርሺያን» ፊልም በኮሜዲና በሙዚቃ ምድብ የጎልደን ግሎብን ሽልማት ቢወስድ፣ ብዙዎች ተገረሙ፤ ሸላሚዎቹም ደንባቸውን አጠበቁ።

በአገራችን የመድረክ ኮሜዲ ፈር የቀደደው በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም በ1913 ዓ.ም. ገደማ ያቀረቡት «ፋቡላ፤ የአውሬዎች ኮሜዲያ» ሲሆን፣ እንስሳትን እያናገረ የመንግሥቱን አስተዳደር በመንቀፉ ታገደ። የዛሬው «አስቂኝ የፍቅር ፊልም» ግን ምሰሶው ፍቅር ነው፤ ሳቁን የሚሸከሙት አብዛኛውን ጊዜ ዘበኛውና የቤት ሠራተኛዋ ስለሆኑ፣ ብዙው በኮሜዲ ስም የሚጠራው በጥብቅ ሲመዘን የፍቅር ፊልም ነው ማለት ይቻላል።

የሚያስቀው ነገር እንደ ተመልካቹ ልማድም ይለያያል። በብቸና አቅራቢያ ያለው ዲማ ጊዮርጊስ በቅኔ ጉባኤው የታወቀ ነው፤ ከዚያ እስከ ሞጣ ባለው አገር ሰሙን ሰምቶ ወርቁን መፈለግ የለመደ ጆሮ፣ ተዋናዩ ከደረጃ ተንከባልሎ ከሚወድቅበት ትርኢት ይልቅ በኅብረ ቃል የተሸሸገ ሽሙጥ ቢያስቀው አያስደንቅም።