ኮላቲኑስ ምን አጠፋ?

ዶርም ውስጥ ሲከራከሩ ማደር የለመደ የታሪክ ክፍል ተማሪ ሁሉ ይህቺን ጥያቄ ያስታውሳታል፦ ብሩተስ ጀግና ነው ወይስ ጨካኝ? ለመጽሔታችን ጻፍ ስባል መጀመሪያ የመጣችልኝ እሷ ናት።

ከሌላ ክፍል ለተመረቃችሁ ባጭሩ ላስታውስ። ሮምን ሰባት ነገሥታት ገዝተዋታል ይባላል፤ የመጨረሻው ትዕቢተኛው ታርኲኒዮስ ነበር። ሉኪዮስ ዩኒዮስ ብሩተስ የንጉሡ የእህት ልጅ ነው። አጎቱ ወንድሙን ሲያስገድልበት እሱ ጅል መስሎ ተረፈ፤ “ብሩተስ” ማለትም ደነዝ ማለት ነው። የንጉሡ ልጅ ሴክስቱስ የኮላቲኑስን ሚስት ሉክሬቲያን ደፍሯት ራሷን በገደለች ጊዜ ግን፣ ያ “ጅል” ደም የነካውን ጩቤ ይዞ ማለ፤ ሕዝቡንም አስነሣ። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ509 ንጉሡ ተባረረ። ብሩተስና ኮላቲኑስ ለአንድ ዓመት የሚሾሙ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቆንስሎች ሆኑ።

ክርክራችን ከዚህ በኋላ ስላለው ነበር። የብሩተስ ልጆች ቲቶና ጢባርዮስ ንጉሡን ለመመለስ ሲያሴሩ ደብዳቤ ተያዘባቸው። ተገርፈው አንገታቸው ሲቀላ አባትየው ቆንስል ነውና ቆሞ አየ።

አሁን ልጆች አሳድጌ የሮማዊውን ታሪክ ጸሐፊ የሊቪን መጽሐፍ እንደገና ሳነበው፣ እንቅልፍ የነሳኝ ያኔ ዘለን ያለፍነው ሰው ነው፤ ኮላቲኑስ። ሚስቱን ያጣው እሱ ነው። ሆኖም ገና ከሴራው በፊት ሥልጣኑን እንዲለቅ ተጠየቀ። ምን አጥፍቶ? ምንም! የቤተሰቡ ስም ታርኲኒዮስ ስለሆነ ብቻ። ልቀቅልን ያለው ደግሞ ብሩተስ ነው፤ እናቱ የንጉሡ እህት የሆነችው ብሩተስ እኮ! የሟቿ አባት፣ የገዛ አማቱ ሳይቀር ሲለምነው ጊዜ ዕቃውን ጭኖ ላቪኒየም ገባ።

“በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ፣ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ ታሳዝነኛለች” ይባላል። የብሩተስ ልጆች በማስረጃ ሄዱ። ኮላቲኑስ የሄደው በስሙ ነው።

በእርግጥ ሊቪ የጻፈው ሆነ ከተባለበት ጊዜ ወደ 500 ዓመት ገደማ ቆይቶ ነው፤ አፈ ታሪክ ይበዛበታል። ቢሆንም ሮማውያን ሪፐብሊካቸው ስለተወለደበት ዓመት ሲተርኩ ይህን በደል ቆርጠው አልጣሉትም። እኔ የማከብራቸው ለዚህ ነው።

ስንገናኝ ክርክሩን እንቀጥላለን። ስለ ብሩተስ ከመጠየቃችሁ በፊት ግን የኔን መልሱልኝ።