ጎርፉ ሳይመጣ ቦዩን ያየው ማነው?

መጋቢት 6 ለ7 ቀን 2016 ዓ.ም. ሌሊት የሆነውን ብዙዎቻችሁ ዛሬም እንደ ቀልድ ታወሩታላችሁ። የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተም፣ ሰዎች በሂሳባቸው የሌላቸውን ብር ለሰዓታት ሲያድላቸው አደረ። በየዩኒቨርሲቲው ግቢ ኤቲኤም ፊት ተማሪ ተሰለፈ። ባንኩ በኋላ እንደገለጸው ከ490 ሺህ በላይ ግብይት ተካሂዷል፤ ያላግባብ የወጣው ደግሞ 801 ሚሊዮን ብር ገደማ ነው። የሳይበር ጥቃት አይደለም፣ የሲስተም ማሻሻያ ሲሠራ የተፈጠረ ችግር ነው ተባለ።

ከዚያ በኋላ ወሬው ሁሉ የተማሪው ሆነ። ዩኒቨርሲቲዎች «መልሱ» ብለው ማስታወቂያ ለጠፉ፣ ባንኩም ያልመለሱትን 567 ሰዎች ስምና ፎቶ አወጣ። የሰው ገንዘብ ይመለስ፣ በዚህ አልከራከርም። ግን ማሻሻያው ከመለቀቁ በፊት ማን ፈተነው? ይህን ጮክ ብሎ የጠየቀ ጥቂት ነው።

በደብተር ዘመን ይህ ጥያቄ መልስ ነበረው። አንዱ ሠራተኛ ወጪውን ይመዘግባል፣ ሌላው አይቶ ይፈርማል፣ ማታ ሂሳቡ ካልገጠመ ማንም ወደ ቤቱ አይሄድም። ኮምፒውተር ሲመጣ የሁለተኛው ሰው ዓይን ወደ ኮዱ መግባት ነበረበት። ፕሮግራመሮች «ዩኒት ቴስት» የሚሉት ይህንኑ ነው። ኬንት ቤክና ኤሪክ ጋማ በፈረንጆቹ 1997 ከዙሪክ ወደ አትላንታ ሲበሩ አውሮፕላን ውስጥ ጄዩኒትን ጻፉ፤ ሥራውን ያስፋፋው እሱ ነው። ነገሩ ቀላል ነው፦ ቀሪ ሂሳብ 100 ብር ይሁን፣ 500 ይጠየቅ፤ መልሱ «አይቻልም»፣ ቀሪውም 100 መሆን አለበት። ኮዱ በተነካ ቁጥር ይህ በራሱ ይሮጣል፣ ከወደቀ ማሻሻያው አይወጣም።

አሁን ደግሞ ሂሳብ የሚባለው የብር ብቻ አይደለም። ክላውድ ላይ አካውንት የሚከፍተው፣ ፈቃድ የሚሰጠውና የሚዘጋውም ኮድ ነው። እሱን ለመፈተን እውነተኛ አካውንት መክፈት አያስፈልግም፣ እንዲያውም አደጋ አለው፤ ቢልም ይመጣል። ስለዚህ ማስመሰያ ይቀመጣል። ሞቶ የሚባለው የፓይተን ላይብረሪ የአማዞንን ክላውድ መስሎ ይመልሳል። የማስመሰያ ትልቁ ጥቅም ግን እንዲያምጽ ማዘዝ መቻሉ ነው፦ «አትመልስ»፣ «ዘግይ»፣ «ግማሽ መንገድ ላይ ተቋረጥ»። ቀሪ ሂሳብ የሚነግረው ክፍል ዝም ሲል ኮዱ ይከለክላል ወይስ ይፈቅዳል? ለእኔ ከመቶ ሌላ ቴስት ይህ አንዱ ይበልጣል። ብዙ ቡድን ግን የሚጽፈው ሁሉም ነገር ደህና የሆነበትን ቀን ብቻ ነው።

የቆቦ ሰው ደህና ያልሆነውን ቀን ያውቀዋል። በ2013 ክረምት ጦርነቱ ራያን ሲያጥለቀልቅ ስልክም ባንክም ተቋረጠ፣ እስከ ታኅሣሥ 2014 ድረስ ወራት አለፉ። ነሐሴ 2014 እንደገና መጣ። እንግዲህ አዲስ አበባ ቢሮ ውስጥ ለተቀመጠ ኮድ ጸሐፊ «ኔትወርክ የለም» ማለት አምስት ደቂቃ ነው። ላኪው ላይ ተቀንሶ ተቀባዩ ጋ ሳይደርስ መስመሩ ቢቆረጥስ? ከአራት ወር በኋላ ሲመለስ ያው ትእዛዝ ሁለት ጊዜ ቢፈጸምስ? እነዚህ ሁለቱም ጥያቄዎች በአሥር መስመር ቴስት ይጻፋሉ።

የራያ ገበሬ ከምዕራቡ ደጋ በጎሊናና በሆርማት የሚወርደውን ጎርፍ ወደ ማሳው መርቶ ማሽላ ያበቅላል። ቦዩን የሚጠርገው፣ ክተሩንም የሚጠግነው ሰማዩ ገና ሳይደምን ነው። ጎርፉ ከመጣ በኋላ ማን ውሃ ወሰደ ብሎ ስም መለጠፍ ማሳውን አይመልስም።

ስለዚህ ጥያቄዬ ለባንኮች፣ ለቴሌብርና ለክላውድ ተከራዮች ሁሉ አንድ ነው፦ ባለፈው ወር ያወጣችሁት ማሻሻያ፣ ቀሪ ሂሳብ ነጋሪው ዝም ሲል የሚያደርገውን የሚያሳይ ቴስት አለው? ካለው አሳዩን።