ንጉሥን ማን ይገሥጸዋል?

እኛ የሐዋሳ ተማሪዎች የአውሮጳን የመካከለኛ ዘመን ታሪክ ስንማር አንድ ነገር አስደነቀን። በ1077 (ዓመታቱ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) የጀርመኑ ንጉሥ ሄንሪ 4ኛ በካኖሳ ደጅ በብርድ ሦስት ቀን ቆሞ የሮማውን ሊቀ ጳጳሳት ጎርጎርዮስ 7ኛን ምሕረት ለመነ። የጠቡ ምክንያት «ጳጳሳትን የሚሾም ማን ነው?» የሚል ነበር። ይሁን እንጂ ሄንሪ ኋላ ሮማን ያዘ፤ ጎርጎርዮስም በ1085 በስደት ሞተ። ክርክሩ በስምምነት የበረደው በ1122 በዎርምስ ነው።

«በሀገራችንስ?» ብለን ጠየቅን። ጳጳሳችን እስከ 1951 ድረስ ከግብፅ ይላክ ስለ ነበር ለሀገሩና ለቋንቋው እንግዳ ነበር። ስለዚህ ንጉሥን የመገሠጽ ሸክም አብዛኛውን ጊዜ በመነኮሳት ትከሻ ላይ ወደቀ። ገድላት እንደሚተርኩት፣ ዐፄ ዓምደ ጽዮን (1314–1344) የአባታቸውን ሚስት ስላገቡ አባ አኖሬዎስና ሌሎች መነኮሳት ገሠጿቸው፤ ንጉሡም አስገርፈው አጋዟቸው።

አባ ኤዎስጣቴዎስም «ከእሑድ ጋራ ቅዳሜም ይከበር» በማለታቸው የእስክንድርያን መንበር ፈቃድ ተቃወሙ፤ ከሀገር ወጥተው በ1352 በአርመን ዐረፉ። ነገር ግን ከ98 ዓመት በኋላ፣ በ1450፣ ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በደብረ ምጥማቅ ጉባኤ ሁለቱም ሰንበታት እንዲከበሩ አስወሰኑ።

እንግዲህ በዚያም በዚህም ገሣጩ ተሰደደ። የኤዎስጣቴዎስ ሐሳብ ግን ባለቤቱ ሳይመለስ ወደ ሀገሩ ተመለሰ። እኛም ከዚህ የተማርነው፣ ሰውን ማጋዝ እንጂ ያመነበትን ማጋዝ እንደማይቻል ነው።