ከፊላዴልፊያ እስከ ዶርዜ፦ ብዙ ድምፆችን የመቅረጽና የማዋሐድ ጥበብ

በአንድ ጊዜ የሚሰሙ ብዙ ድምፆችን አንዱ ሌላውን ሳይውጠው መቅረጽ፣ የመቅረጸ ድምፅ ሥራ ከተጀመረ አንሥቶ መሐንዲሶችን ሲፈትን የኖረ ጉዳይ ነው። ለዚህ ፈተና ከተሰጡት መልሶች መካከል በይበልጥ የሚጠቀሰው «ፋንታዝያ» ለተባለው የዋልት ዲዝኒ ፊልም የተደረገው ቀረጻ ነው። እ.ኤ.አ. በ1939 ሊዮፖልድ ስቶኮቭስኪ የሚመሩት የፊላዴልፊያ ኦርኬስትራ የፊልሙን አብዛኛውን ሙዚቃ ሲጫወት፣ መሐንዲሶቹ 33 ማይክሮፎኖችን ዘረጉ። ባለ አውታሮቹና የትንፋሽ መሣሪያዎቹ በየወገናቸው ሲቀረጹ፣ ራቅ ብለው የተተከሉት ማይክሮፎኖች የአዳራሹን ጠቅላላ ድምፅ ያዙ። ይህ ሁሉ ወደ 3 የድምፅ መስመሮች ተጠቃልሎ፣ አንድ የመቆጣጠሪያ መስመርም ታክሎበት፣ ፊልሙ በ1940 በኒውዮርክ ለሕዝብ ታየ።

ከአርባ ምንጭ በላይ በጋሞ ተራሮች የሚኖረው የዶርዜ ሕዝብ፣ በሽመናውና በቀርከሃ ቤቱ የታወቀውን ያህል በባለ ብዙ ድምፅ ዘፈኑም ሊታወቅ ይገባዋል። ይህ ዘፈን ያለ ጽሑፍ ኖታ የሚዘፈን ሲሆን፣ አንዱ ወገን ሲጀምር ሌላው እየተቀበለ፣ ሌላውም በመካከል እየገባ፣ አጫጭር ድምፆች እንደ ድርና ማግ ተጠላልፈው አንድ ሙሉ ሥራ ይሆናሉ። ፈረንሳዊው የሙዚቃ ተመራማሪ በርናር ሎርታ-ዣኮብ አብዮቱ በፈነዳባቸው በ1974 እና በ1975 እ.ኤ.አ. ይህንኑ ዘፈን ቀረጹ። ቀረጻውም በ1977 «ለ ሻን ዱ ሞንድ» በተባለው ድርጅት በሸክላ ታትሞ ወጣ።

እዚህ ላይ መሐንዲሱን የሚያስጨንቅ ጥያቄ ይነሣል። የዶርዜው ዘፋኝ የሚገባበትን ቅጽበት የሚያውቀው ጓደኞቹን በመስማት ነውና፣ ድምፁን ለብቻው ለመያዝ ሲባል ከእነርሱ ቢለዩት ዘፈኑ ራሱ ይፈርሳል። ሳይለዩት ቢቀርጹት ደግሞ የእያንዳንዱ ድርሻ ከሌላው ጋር ተቀላቅሎ ይቀራል። ሲምሃ አሮም የተባሉት ተመራማሪ ለተመሳሳይ ችግር በመካከለኛው አፍሪካ ሪፐብሊክ መፍትሔ አግኝተው ዘዴውን በ1976 በጽሑፍ አስታውቀዋል። ይኸውም የመጀመሪያው ሰው ድርሻውን ከተቀረጸ በኋላ፣ ሁለተኛው ያንኑ በጆሮ ማዳመጫ እየሰማ የራሱን በሌላ መስመር ላይ መጨመር ነው። በፊልም ሙዚቃ ስቱዲዮም ቀድሞ የተቀረጸውን እየሰሙ አዲስ ድርሻ መጨመር የተለመደ አሠራር ነው።

በሁለቱ መካከል ግን ትልቅ ልዩነት አለ። የኦርኬስትራው ውሕደት ቢበላሽ የተጻፈው ኖታ ስለሚኖር ሙዚቃው እንደገና ይቀረጻል። የዶርዜው አንጋፋ ዘፋኝ ካለፈ ግን የሚቀረው በክር ላይ የተያዘው ድምፁ ብቻ ነው። አንድ ጊዜ የተዋሐዱ ድምፆችንም ዛሬ በኮምፒውተር ለመለያየት ቢሞከር፣ የመጀመሪያው መልካቸው በሙሉ አይመለስም።

ስለዚህ የዶርዜን ዘፈን ለፊልምም ሆነ ለጥናት የሚቀርጽ ባለሙያ፣ አስቀድሞ ዘፈኑን በማኅበሩ መካከል እንዳለ በጠቅላላው ይያዝ፤ ቀጥሎም ድርሻዎቹን በየመስመሩ ይቅረጽ። ውሕደቱን በቅጂው ላይ እየሠራ፣ ያልተነካውን ዋና ቅጂ ለሚመጣው ትውልድ ማስቀመጥ ግዴታው ነው።